ከአምስት የጠፈር ጀብዱ መጻሕፍት የትኛውን ልጀምር? ጎጃም ላለ ወጣት አንባቢ የተዘጋጀ ንጽጽር

ክረምት ሲገባ ይህ ጥያቄ ይበዛል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ልጁ ስልኩ ላይ ተተክሏል። ወላጅ "እንግሊዝኛውን የሚያሻሽልለት ነገር ጠቁመኝ" ይላል። የልጁ ፍላጎት ሌላ ነው። መንኮራኩር ያለበት፣ ውጊያ ያለበት፣ ከመጀመሪያው ገጽ ይዞ የሚሄድ መጽሐፍ ነው የሚፈልገው።

በዚህ ዘርፍ ለወጣቶች የተጻፈ ሞልቷል። ችግሩ አብዛኛው ተከታታይ መሆኑ ነው። ሦስት አራት ቅጽ አለው። ስለ አንደኛው ቅጽ የተሰጡ አስተያየቶችን ብታነቡ ደግሞ ይብስ ግራ ትጋባላችሁ። አንዱ "ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም" ይላል። ቀጥሎ ያለው "ግማሹ ላይ ጣልኩት" ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፣ የፈለጉት ነገር ለየቅል ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ አስተያየት ሰጪዎቹ አብዛኞቹ ሁለተኛውን ቅጽ በማግሥቱ ገዝተው መቀጠል የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ ወይም ቢቸና ያለ ልጅ ይህን አይችልም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መጽሐፉ ግን አዲስ አበባም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ መለኪያችንም እንደ እኛ ሁኔታ መሆን አለበት።

በምን እንለካቸው?

አንደኛው መለኪያ ብቻውን ይቆማል ወይ የሚለው ነው። አንደኛው ቅጽ ሲያልቅ ታሪኩ ያልቃል ወይስ ልብ አንጠልጥሎ ይተዋል? እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ይህንን ነው። ልጁ 500 ገጽ ታግሎ ጨርሶ መጨረሻው ላይ "ይቀጥላል" ዓይነት ነገር ከጠበቀው፣ ቀጣዩም ካልተገኘ፣ ሌላ መጽሐፍ ለመጀመር ወኔው አይኖረውም።

ሁለተኛው እንግሊዝኛው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሆኖም የባዮሎጂ መጽሐፍ ማንበብ መቻልና የጎረምሶች ቀልድ መረዳት አይገናኙም። ረጅም ቃል ብዙም አያስቸግርም፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል። የሚያስቸግረው የሰፈር አነጋገሩ ነው።

ሦስተኛው በምን እንደሚነበብ ነው። በወረቀት፣ በስልክ ወይስ በኮፒ? ስልክ ላይ የሚያምር መጽሐፍ አለ፤ ስልክ ላይ ጨርሶ የማይነበብም አለ። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ደግሞ ወረቀቱን የሚያክል የለም።

አራተኛው ውስጡ ያለው ነው፦ ደም፣ ስድብ፣ የፍቅር ነገር። እዚህ ላይ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይለያያል። እኔ ያለውን እነግራችኋለሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው።

አስተያየቶችን ስታነቡ ሙገሳውን ዝለሉት። ሙገሳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቅሬታውን ግን አንብቡ። "የበረራ ሥልጠናው በዛ" የሚል ቅሬታ፣ አውሮፕላን ለሚወድ ልጅ ማስታወቂያ ነው።

ስካይዋርድ

የብራንደን ሳንደርሰን ሥራ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ስፔንሳ የምትባል ልጅ አለች። የሰው ልጆች ዲትራይተስ በምትባል ፕላኔት ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ። ክሬል የሚባሉ ጠላቶች ከሰማይ እየመጡ ይደበድቧቸዋል። አባቷ አብራሪ ነበር። ከውጊያ ሸሸ ተብሎ "ፈሪ" የሚል ስም ወጣለት፣ ስሙ ደግሞ ለልጅቷ ተረፋት። እሷ በዋሻው ውስጥ አይጥ እያደነች ታድጋለች። ሕልሟ አብራሪ መሆን ነው።

የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ቅሬታ የስፔንሳ ጉራ ነው። አያቷ የጥንት ጀግኖችን ታሪክ እያወሩላት ነው ያደገችው። ስለዚህ አፏን ስትከፍት "የጠላቶቼን ደም እጠጣለሁ፣ በራስ ቅላቸው ላይ እረግጣለሁ" ዓይነት ነገር ነው የሚወጣት። ውጭ አገር ያሉ ብዙ አንባቢዎች ይህ አሰልችቷቸዋል፤ "ልጅቷ ታካብዳለች" ነው ነገሩ። እዚህ ግን ሌላ ነው። ሠርግ ላይ ፉከራ ሰምቶ ላደገ የጎጃም ልጅ ስፔንሳ እንግዳ አትሆንበትም። ፎካሪው "ገዳይ!" እያለ ሲንጎራደድ ቃል በቃል የሚወስደው የለም፤ ሞቅ ለማድረግ፣ ፍርሃትን ለማባረር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስፔንሳም የምትፎክረው ስለምትፈራ ነው። የ10ኛ ክፍል ልጆች ይህን ሲያነቡ ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ሳይደርሱ ይገባቸዋል። ብዙ ሰው ያማረረበት ነገር ለእኛ የመጽሐፉ ጣዕም ነው ባይ ነኝ።

በቅርብ የሚያዝ ነገርም አለው። ስፔንሳ የበረራ ትምህርት ቤት ብትገባም ከሌሎቹ ጋር እንዳትበላና እንዳታድር ትከለከላለች። ቀን ከእኩዮቿ ጋር ትበራለች፣ ማታ ዋሻ ውስጥ ታድራለች። እዚያ ዋሻ ውስጥ የተሰበረ ጥንታዊ መንኮራኩር አግኝታለች፤ መንኮራኩሩ ይናገራል፤ የሚጨነቀው ደግሞ ስለ እንጉዳይ ነው። የአካባቢውን የእንጉዳይ ዓይነት መመዝገብ ሥራው ነው ብሎ ያምናል። ትልልቆቹም ትንንሾቹም እዚህ ጋ ይስቃሉ።

እንግሊዝኛው ግልጽ ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ስድቡ ደራሲው ራሱ የፈጠረው ቃል ስለሆነ ወላጅን አያስደነግጥም። የፍቅር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሞት ግን አለ። አብረዋት የሚማሩ ልጆች ይሞታሉ፣ ሐዘኑም ተራ ነገር ተደርጎ አልታለፈም።

ድክመቱ መሃሉ ነው። ሥልጠና፣ ውጊያ፣ ሥልጠና፣ ውጊያ ይላል። መቶ ገጽ ቢቀነስለት ምንም አይጎድልበትም ነበር። መጨረሻው ላይ የአባቷም የጠላቶቹም ምሥጢር ይፈታል፤ አዲስ በር ይከፈታል እንጂ ታሪኩ አይቋረጥም። ሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ስፔንሳን ሌላ ቦታ ስለሚወስዳት፣ የአንደኛውን ጓደኞቿን የወደዱ አንባቢዎች ተከፍተውበታል። እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል ማለት ነው።

ቢንቲ

ደራሲዋ ኔዲ ኦኮራፎር ናት፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። መቶ ገጽ እንኳ የማይሞላ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ሁጎንም ኔቡላንም፣ ማለትም የሳይንስ ልብወለድን ሁለት ትልልቅ ሽልማቶች፣ በአጭር ልብወለድ ዘርፍ ወስዷል።

ቢንቲ 16 ዓመቷ ነው፤ ከናሚቢያ ሂምባ ሕዝብ ናት። በሒሳብ ጭንቅላቷ ድንቅ ነው። ኡምዛ የሚባል ሌላ ፕላኔት ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ይቀበላታል፤ ከሕዝቧ የመጀመሪያዋ ናት። ቤተሰቦቿ እንደማይፈቅዱላት ስለምታውቅ ሌሊት ተደብቃ ትወጣለች። ፀጉሯና ገላዋ ላይ የቀባችው ቀይ ሸክላና ዘይት በየጣቢያው መሳቂያ ያደርጋታል። አንዷ ሴትዮ ፀጉሯን ሳትጠይቅ ትነካካለች። ቅቤ ተቀብታ ከተማ የገባች ልጅ የሚደርስባትን ለሚያውቅ፣ ያ ገጽ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከዚያ በጉዞው መሃል፣ ያልታሰበ ነገር ይከሰታል። ሜዱስ የሚባሉ ፍጡራን መንኮራኩሩን ይወርራሉ፤ አብረዋት የሚጓዙት ተማሪዎች በደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። ድንገተኛ ነው፣ ይከብዳል። ለ12 ዓመት ልጅ አልሰጠውም።

ቅሬታው ሁለት ነው። አንዱ "አጠረ" የሚል ነው። ይህ እዚህ ቅሬታ አይሆንም፤ እንግሊዝኛ ልብወለድ ጨርሶ ለማያውቅ ልጅ የመጨረሻውን ገጽ ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ቅሬታ ግን ትክክል ነው። ያን ያህል ሰው አልቆ፣ እርቁ በጣም ይፈጥናል። እኛ አገር ዕርቅ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ካሣ ይቆረጥበታል፣ ጊዜ ይወስዳል። ቢንቲ ውስጥ ጥቂት ገጾች ይበቁታል። ልጆች ካነበቡት በኋላ የሚከራከሩትም በዚሁ ላይ ነው፤ ለክርክር ሲሆን ይሄ ጉድለቱ ጠቀመው።

ቋንቋው ቀላል ነው፤ አንዳንድ የተፈጠሩ ቃላት ግን ማብራሪያ ሳይሰጣቸው ይመጣሉ። እያለፉ ማንበብ ነው፣ በኋላ ይገባል። ስልክ ላይ በደንብ ይነበባል። ቢንቲ ዩኒቨርሲቲው ስትደርስ ታሪኩ ይዘጋል።

ኤንደርስ ጌም

ከአምስቱ ሽማግሌው ይህ ነው። ኦርሰን ስኮት ካርድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ እሱም ሁጎንና ኔቡላን ወስዷል። መጀመሪያ ለወጣት ተብሎ ባይጻፍም የሚያነቡት ወጣቶች ናቸው።

ኤንደር የስድስት ዓመት ልጅ እያለ ከቤተሰቡ ተወስዶ ጠፈር ላይ ያለ የውጊያ ትምህርት ቤት ይገባል። ክብደት በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ልጆች በቡድን ይዋጋሉ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ሆን ብለው ብቸኛ ያደርጉታል፣ ያደክሙታል፣ ሕጉን በእሱ ላይ ይለውጣሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊፈተን ሻንጣውን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባ ተማሪ የኤንደርን ጭንቀት በደንብ ያውቀዋል።

ብቻውን በመቆም የሚወዳደረው የለም። መጨረሻው ይመጣል፣ ያስደነግጣል፣ ያልቃል። ሁለተኛውን ባታነቡ ምንም አይቀርባችሁም።

ቅሬታው ልጆቹ እንደ ልጅ አያወሩም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስድስት ዓመት ቢባልም የ16 ዓመት ልጅ እያሰባችሁ አንብቡት። ጭካኔውም ይነሳል። በልጆች መካከል የሚደረጉ ሁለት ጠቦች በጣም ከባድ ናቸው፣ ስድብም አለበት። ሴት ልጅ ደግሞ ውስጡ ጥቂት ናት፤ ልጃገረዶች ይህን ቶሎ ያነሱታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚጀምረው በሁለት ሰዎች ንግግር ነው፤ ማን እንደሚያወራ አይነገርም። ጀማሪ አንባቢ እዚህ ጋ "አልገባኝም" ብሎ ይዘጋዋል። እነዚያ ንግግሮች ኤንደርን የሚከታተሉት ኃላፊዎች ናቸው። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ሌላው ቀላል ነው።

ኢሉሚኔ

የኤሚ ካውፍማንና የጄይ ክሪስቶፍ የጋራ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። 600 ገጽ ገደማ ነው። ኬዲና ኤዝራ የተባሉ ፍቅረኛሞች በተለያዩበት ዕለት የሚኖሩባት ፕላኔት በአንድ ኩባንያ ጦር ትመታለች። በተለያዩ መርከቦች ያመልጣሉ፤ ወረርሽኝ ይነሳል፤ መርከቡን የሚመራው ኮምፒውተር ያብዳል።

ልዩ የሚያደርገው አጻጻፉ ነው። ተራኪ የለውም። ሁሉም ነገር ኢሜይል፣ ቻት፣ የምርመራ ቃል፣ የጦር ሰነድና የመርከብ ንድፍ ነው። ውጊያው ሲጦፍ ቃላቱ ገጹ ላይ ይጠማዘዛሉ። ጥቁር ሆነው ነጭ ጽሑፍ ያለባቸው ገጾች አሉ።

አሪፍ ነው። ግን ለእኛ ሁኔታ ከአምስቱ አስቸጋሪው ይኸው ነው። ትንሽ ስልክ ላይ የሚጠማዘዘውን ጽሑፍ ስታጎሉ ሌላው ያመልጣችኋል። ኮፒ ቤት ብትወስዱት ጥቁሮቹ ገጾች ይጨማለቃሉ፤ ባለ ኮፒውም ቀለሙ ሲያልቅበት ፊቱን ያጠቁርባችኋል። ቻቱ ደግሞ በምሕጻረ ቃልና በጎረምሳ አነጋገር የተሞላ ነው። ስድቦቹ በጥቁር ተሸፍነዋል፣ ይህ ለወላጅ ጥሩ ዜና ነው፤ ደሙ ግን አልተሸፈነም።

የወደዱት "ፊልም ነው" ይላሉ። የጠሉት "ሰዎቹን ሳላውቃቸው አለቀ" ይላሉ። ሁለቱም ገብቶኛል። አንድ ገጽ ላይ ያለው ቃል ጥቂት ስለሆነ ውፍረቱ አያስፈራም። ወረቀቱን ካገኛችሁ፣ እንግሊዝኛው ጠንካራ ለሆነና በመደበኛ ልብወለድ ለተሰላቸ ልጅ ስጡት።

ኦሮራ ራይዚንግ

የእነዚሁ ሁለት ደራሲዎች ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2019። ማንም ያልፈለጋቸው ወጣቶች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ከ200 ዓመት በላይ ተኝታ የኖረች ልጅ ይዘው ይሸሻሉ። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ፈታ ያደርጋል። ግን ተራኪው በየምዕራፉ ይለዋወጣል፤ ሰባት ናቸው። መጨረሻውም ልብ ሰቅሎ ይተዋል። ሦስቱንም ቅጾች ካላገኛችሁ አትጀምሩት።

በአጭሩ

| መጽሐፍ | ብቻውን ይቆማል? | እንግሊዝኛው | በምን ይነበብ? | ጥንቃቄ | የተለመደው ቅሬታ |
|---|---|---|---|---|---|
| ስካይዋርድ | በአብዛኛው አዎ | ግልጽ፣ ግን ረጅም | ወረቀት ወይም ስልክ | የጓደኛ ሞት | ጉራ፣ ሥልጠና መብዛት |
| ቢንቲ | አዎ | ቀላል | ስልክ ይበቃል | ድንገተኛ እልቂት | ማጠሩ፣ የእርቁ ፍጥነት |
| ኤንደርስ ጌም | ሙሉ በሙሉ | መካከለኛ | ሁሉም ይሆናል | የልጆች ጠብ፣ ስድብ | ልጆቹ ልጅ አይመስሉም |
| ኢሉሚኔ | በከፊል | ከባድ፣ የቻት ቋንቋ | ወረቀት ብቻ | ደም፣ ወረርሽኝ | አጻጻፉ ያደናግራል |
| ኦሮራ ራይዚንግ | አይቆምም | መካከለኛ፣ ቀልድ የበዛበት | ወረቀት ወይም ስልክ | የፍቅር ነገር | የተራኪ ብዛት |

ለማን የትኛው?

እንግሊዝኛ ልብወለድ ጨርሶ ለማያውቅና ኪሱ ባዶ ለሆነ ልጅ ቢንቲ ነው። ሌላ አማራጭ አልፈልግለትም። በሳምንት ይጨርሰዋል።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ለመግዛት አቅም ካላችሁና ልጁ ከ15 ዓመት በላይ ከሆነ ኤንደርስ ጌምን ግዙ። ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ሴት ጀግና የምትፈልግ ልጃገረድ ከሆነች ስካይዋርድ ይሻላል። ለ12 ዓመት ታናሽ እህት ወይም ወንድም ግን ከአምስቱ ውጭ ልጠቁማችሁ፦ የማድሊን ለንግል «ኤ ሪንክል ኢን ታይም»። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ጠፈር አለው፣ ደም የለውም፣ ቤተሰብ አለው።

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ውስጥ የንባብ ክበብ ላላችሁ ምክሬ ይለያል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለአሥር ልጅ ከገዛችሁ፣ አሥረኛው ተራው ሲደርሰው መስከረም ጠብቷል። በዚያው ብር ሁለት ሦስት ቀጭን ቢንቲ ይሻላችኋል። ኢሉሚኔን በሰው እጅ ካገኛችሁት ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ቻቱን ሁለት ልጆች ይከፋፈሉት፣ አንዱ ኮምፒውተሩን ይሁን። ብቻቸውን ሲያነቡት ያልገባቸው ልጆች እንደ ድራማ ሲሠሩት ይገባቸዋል።

ለመግዛት ስታስቡ መጀመሪያ ናሙናውን አንብቡ። የኢንተርኔት መጽሐፍ መደብሮች የመጀመሪያዎቹን ገጾች በነፃ ያሳያሉ። ዳታ ባለበት ቀን አውርዳችሁ አስቀምጡት። ልጁ አሥር ገጽ አንብቦ "ከዚያስ?" ካላለ ሌላውን ሞክሩ።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደራሲው ከዚያ ሳንቲም አያገኝም፤ ያንን ለኅሊናችሁ እተወዋለሁ። ግን ሌላም ጣጣ አለው። ርዕሱ አንደኛው ቅጽ ተብሎ ውስጡ ሁለተኛው ይሆናል፣ ወይም መጨረሻው ተቆርጧል።

ሰው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ሲመጣ የምታዝዙ ከሆነ ርዕሱን፣ የደራሲውን ስምና "አንደኛ ቅጽ" የሚለውን ጽፋችሁ ስጡት። በቃል የተነገረው ሰው ሁለተኛውን ይዞ ይመጣል። ቢንቲን ስታዝዙ ሦስቱ ክፍሎች በአንድ ጥራዝ የተጠረዙበት እትም እንዳለ ንገሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። ከተገኘ ከነጠላው ይልቅ እሱ ይምጣ፤ ልጁ መጀመሪያውን ክፍል አንብቦ ካልወደደው እዚያው ማቆም ይችላል። የኤንደርን ሁለተኛ ቅጽ ግን በዚሁ አጋጣሚ አታሳዝዙ። ሽልማቶቹን እሱም ወስዷል፣ ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ኤንደር አድጓል፣ ውጊያው የለም፣ ወሬው ስለ ሞትና ስለ ንስሐ ነው። የአንደኛውን ውጊያ የወደደ የ15 ዓመት ልጅ በዚህኛው ቅር ይለዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ራሱ ይፈልገው።